ከተጫዋችነት ወደ ሠሪነት፦ ሕፃናትና የኮምፒዩተር ጨዋታ ሥራ

የገጠር ልጅ ገበጣ መጫወት ሲያምረው አስቀድሞ መሬት ይቆፍራል። ጉድጓዶቹን በረድፍ ያስተካክላል፤ ጠጠር ይለቅማል፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊትም ከባልንጀራው ጋር በሕጉ ላይ ይከራከራል። የከተማውም ልጅ እንደዚሁ ከአሮጌ ካልሲ ኳስ፣ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይሠራል። ከእረኛው የጭቃ ላሞች አንሥቶ እስከ ሽቦው መኪና ድረስ በልጅነት ዓለም ውስጥ መሥራትና መጫወት ተነጣጥለው አያውቁም። መጫወቻውን ያበጀው እጅ ጨዋታውንም ይመራዋል፤ የተሰበረውን የሚጠግነው፣ ያልተመቸውን ሕግ የሚያሻሽለውም ያው ልጅ ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ብቅ ያለው የቪዲዮ ጨዋታ ይህን አንድነት ከሁለት ከፈለው። ጨዋታው በሌላ ሰው ተሠርቶ፣ ሕጉ አስቀድሞ ተደንግጎና ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ለልጁ የቀረለት ድርሻ ቁልፍ እየተጫኑ መታዘዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላጆችና መምህራን ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በተከራከሩ ቁጥር ክርክሩ «ልጅ ይጫወት ወይስ አይጫወት?» በሚለው ላይ ሲሽከረከር ኖሯል። ከዚህ ክርክር ጎን ለጎን ግን ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ታሪክ አለ። ይኸውም የጨዋታውን ሥራ ለልጁ ለመመለስ የተደረገው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ጥረት ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ልጁ ማሽኑን ያዛል ወይስ ማሽኑ ልጁን ያዘዋል የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች

ቀደምቶቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ለገበያ የተሠሩ አልነበሩም። በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስቲቭ ራስልና ባልደረቦቹ ፒ.ዲ.ፒ.-1 በተባለ ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዎር» የተሰኘ የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ሠሩ። ወጣቶቹ ጨዋታውን የሠሩት የማሽኑን አቅም ለመፈተንና ለመደሰት ነበር። ጨዋታውም ሳይሸጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ አንዱ የከዋክብቱን ሰማይ ሲጨምርበት ሌላው ደግሞ መርከቦቹን ወደ መካከል የሚስበውን የኮከብ ስበት ጨመረበት። ልክ እንደ ሕዝብ ዘፈን፣ የተቀበለው ሁሉ የራሱን እያከለ ለሌላው አሳለፈው።

ነገር ግን ይህ ዕድል የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ነበር። ኮምፒዩተር በዋጋውም ሆነ በቋንቋው ለተራው ተማሪ የማይደፈር ነገር ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያውን በር የከፈቱት በዳርትማውዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ናቸው። በ1964 «ቤሲክ» የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲፈጥሩ ዓላማቸው የሳይንስ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ማሽኑን ማዘዝ እንዲችል ነበር። ተማሪዎቹም ቋንቋውን እንዳገኙ ጨዋታ መሥራት ያዙ።

በ1973 ዴቪድ አል የተባለ ሰው እነዚህን በየትምህርት ቤቱ የተበታተኑ ጨዋታዎች ሰብስቦ በ101 ጨዋታዎች መጽሐፍ አሳተመ። በ1978 እንደገና ተዘጋጅቶ የወጣው እትም ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። የመጽሐፉ አጠቃቀም በራሱ ትምህርት ነበር። ልጁ የጨዋታውን ትእዛዞች መስመር በመስመር እያየ በእጁ ወደ ማሽኑ ይገለብጣል፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተሳሳተ ጨዋታው አይነሣም። ስሕተቱን ፈልጎ ያርማል፤ ሲሳካለት ደግሞ አንዱን ቁጥር ለውጦ ምን እንደሚሆን ይመለከታል። በአገራችን የቁም ጽሕፈት ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ እየገለበጠ ፊደሉንም ምሥጢሩንም እንደሚማር፣ ይህም ልጅ በመገልበጥ ጀምሮ ወደ መፍጠር ይሸጋገር ነበር።

የሳሙናው ቅርጽና ኤሊዋ

ለዚህ ልምድ ንድፈ ሐሳባዊ መሠረት የሰጠው በ1928 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፓፐርት ነው። ፓፐርት በጄኔቫ ከሥነ ልቡና ሊቁ ከዣን ፒያዤ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ከፒያዤ የወሰደው ዋና ሐሳብ ልጅ ዕውቀትን ራሱ የሚገነባ እንጂ እንደ ማድጋ የሚሞላ አይደለም የሚል ነው። በኋላም የራሱን አከለበት፦ ልጅ ዕውቀትን በተሻለ የሚገነባው ሌሎች ሊያዩትና ሊነኩት የሚችል ነገር በሚሠራበት ጊዜ ነው።

ይህ ሐሳብ ሥር የሰደደው በአንድ የሥነ ጥበብ ክፍል በር ላይ መሆኑ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ልዩ ትርጉም አለው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓፐርት በማሳቹሴትስ በሌክሲንግተን ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። ወደ ሒሳቡ ክፍል ሲሄድ ዘወትር በሥነ ጥበብ ክፍል አጠገብ ያልፋል። በዚያ ክፍል ተማሪዎች ከሳሙና ቅርጽ ይቀርጹ ነበር። የአንዱ ሥራ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ሥራው ለሳምንታት ይቀጥላል፤ ልጆቹ ቆም ብለው ለማሰላሰል፣ የጀመሩትን ለመተው፣ የሌላውን ሥራ አይተው ለመነጋገር ጊዜ ነበራቸው። በሒሳብ ክፍል ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሰጣል፤ መልሱ ትክክል ወይም ስሕተት ነው፤ ከዚያ ይረሳል። ፓፐርት «ሒሳብስ ስለምን እንደ ሳሙናው ቅርጽ ሊሆን አይችልም?» የሚለውን ጥያቄ ለዓመታት ይዞት ቆየ።

መልሱ የተጀመረው በ1967 ነው። ፓፐርት፣ ዋለስ ፈርዚግ፣ ዳንኤል ቦብሮውና ሲንቲያ ሰለሞን በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ በሚገኘው በቦልት፣ ቤራኔክና ኒውማን ድርጅት «ሎጎ» የተባለውን ለልጆች የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጁ። ስሙ «ቃል» ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ጥቂት ቆይቶም «ኤሊ» የተባለች፣ በጎማ የምትሄድና ብዕር የያዘች ትንሽ ማሽን ተጨመረች፤ በኋላም በስክሪን ላይ የምትታይ ምልክት ሆነች። ልጁ «ወደ ፊት 100፣ ወደ ቀኝ 90» ብሎ ሲያዝዛት ትሄዳለች፣ ትዞራለች። ይህን አራት ጊዜ ሲደግምላት አራት ማዕዘን ትሥላለች። ትእዛዙ የጠፋበት ልጅ ተነሥቶ በእግሩ እየሄደ አራት ማዕዘኑን ይረግጠዋል፤ ጂኦሜትሪን በገላው ያውቀዋል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የተለወጠው የስሕተት ትርጉም ነው። ቤት ሊሥል የተነሣ ልጅ ጣሪያው ከግድግዳው በላይ በመሆን ፈንታ በግድግዳው ውስጥ ቢወድቅበት ፈተና ወደቀ አይባልም። የት ላይ እንዳጠፋ ኤሊዋን ተከትሎ ይፈልጋል፤ ያርማል፤ እንደገና ይሞክራል። ሠዓሊ ሸራው ላይ፣ ሸማኔ ድሩ ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ ስሕተት የሥራው አካል ይሆናል። በ1971 ፓፐርትና ሰለሞን አንድ ልጅ በኮምፒዩተር ሊሠራቸው የሚችላቸውን ሃያ ነገሮች ዘርዝረው ሲያቀርቡ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ግጥም፣ አሻንጉሊትና የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሃያኛው ነጥብ ልጁ ራሱ ሌላ ሃያ ነገር እንዲያስብ የሚጋብዝ ነበር።

ተስፋና ጥርጣሬ

በ1980 ፓፐርት «ማይንድስቶርምስ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። በዚህ መጽሐፍ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ስለሚገኙት የሳምባ ጭፈራ ማኅበራት ያነሣል። በእነዚህ ማኅበራት ሕፃንና ሽማግሌ፣ ጀማሪና ሊቅ በአንድ አዳራሽ ለአንድ በዓል አብረው ይለማመዳሉ፤ ሁሉም ይማራል፣ ሁሉም ያስተምራል። ፓፐርት የተመኘው የኮምፒዩተር ክፍል ይህን የሚመስል ነበር።

በዚያው ዘመን ዋጋቸው የቀነሰ ኮምፒዩተሮች ወደ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። በብሪታንያ በ1981 መጨረሻ ቢ.ቢ.ሲ. ማይክሮ፣ በ1982 ደግሞ ስፔክትረም የተባሉት ወጡ። እነዚህ ማሽኖች ሲበሩ ከልጁ ፊት የሚቀርበው ትእዛዝ የሚጠባበቅ ባዶ ገጽ ነበር። ብዙ ልጆች ይህን ባዶ ገጽ በመኝታ ቤታቸው ውስጥ በጨዋታ ሞሉት። በ1983 ወጥቶ ዝናን ያተረፈው «ማኒክ ማይነር» የተባለው ጨዋታ የማቲው ስሚዝ ሥራ ነው፤ ሠሪው ያን ጊዜ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ወጣት ነበር።

ይሁን እንጂ ተስፋው ያለ ፈተና አልዘለቀም። በ1984 በኒው ዮርክ በባንክ ስትሪት የትምህርት ኮሌጅ ሮይ ፒ እና ሚድያን ከርላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ መራራ ውጤት ይፋ አደረጉ። ሎጎን የተማሩ ልጆች ሥራን አቅዶ በማከናወን ችሎታ ካልተማሩት ልጆች ብልጫ አላሳዩም። ፕሮግራም መጻፍ ብቻውን የልጁን አእምሮ በአጠቃላይ ይስለዋል የሚለው እምነት በዚህ ተናጋ። በየትምህርት ቤቱም ኮምፒዩተሮችን በአንድ ክፍል ቆልፎ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ማስነካት የተለመደ ሆነ።

ፓፐርት በ1987 በሰጠው መልስ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ተመለከተው። የሚጠየቀው መሣሪያው ልጁን ምን ያደርገዋል ተብሎ መሆን የለበትም፤ ሰዎች በመሣሪያው ምን ይሠራሉ፣ በምን ዓይነት ባህል ውስጥስ ይሠራሉ ተብሎ ነው አለ። መልሱ የራሱ እውነት አለው። ማሲንቆ ብቻውን አዝማሪ አይወልድም፤ አዝማሪን የሚወልደው ማሲንቆው ከነዜማው፣ ከነአድማጩና ከነአስተማሪው ነው። ነገር ግን የተመራማሪዎቹም ትችት ከንቱ አልነበረም። ጥሩ መሣሪያ ገዝቶ መምህሩን መዘንጋት ወዴት እንደሚያደርስ በወቅቱ አሳይቷል።

አሥራ ስድስቱ ጨዋታ ሠሪዎች

ከዚህ ክርክር በኋላ የተካሄዱት ጥናቶች ይበልጥ ጥንቃቄ የታከለባቸው ነበሩ። በቦስተን በሄኒገን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1985 በተጀመረ ፕሮጀክት ውስጥ ኢዲት ሃሬል የተባለች ተመራማሪ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ክፍልፋይን የሚያስተምር ፕሮግራም እንዲሠሩ አደረገች። ተማሪዎቹ በራሳቸው ዕቅድ ለወራት ሠሩ። በ1991 በመጽሐፍ የወጣው ውጤት እንዳመለከተው እነዚህ ልጆች በክፍልፋይም ሆነ በፕሮግራም ዕውቀት ከሌሎች ክፍሎች ልጆች በልጠው ተገኙ። ለሌላ ሰው ሊያስተምር የተነሣ ልጅ ራሱ ይበልጥ ይማራል የሚለው የጥንት የመምህራን ዕውቀት በዚህ ተረጋገጠ።

ያስሚን ካፋይ ይህን ሥራ ወደ ጨዋታ አሻገረችው። ስምንት ሴቶችና ስምንት ወንዶች፣ በድምሩ አሥራ ስድስት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይን የሚያስተምር የቪዲዮ ጨዋታ እያንዳንዳቸው እንዲሠሩ ተደረገ። በ1995 «ማይንድስ ኢን ፕሌይ» በተባለው መጽሐፏ የተረከችው ይህ ሥራ ወራትን የወሰደ ነበር። ልጆቹ ታሪክ ይደርሳሉ፤ ሥዕል ይሥላሉ፤ ሕግ ያወጣሉ፤ ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ ከሦስተኛ ክፍል የሚመጡት ታናናሾቻቸውም ሥራውን ሞክረው አስተያየት ይሰጣሉ። ጨዋታ መሥራት ከቴአትር ሥራ ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነው። ድርሰት፣ የመድረክ ሥዕል፣ ሙዚቃና የብርሃን ቴክኒክ በአንድነት ካልተገናኙ መጋረጃው አይገለጥም።

የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ግን ልጆቹ የሠሯቸው ጨዋታዎች ራሳቸው የተናገሩት ነው። ብዙዎቹ ወንዶች ልጆች በገበያ ላይ ያሉትን ጨዋታዎች ተከትለው ክፉና ደግ የሚታገሉበትን የምናብ ዓለም መረጡ፤ የተሳሳተ ተጫዋች ይቀጣል ወይም ይሞታል። ሴቶቹ ልጆች ግን በአመዛኙ ከሚያውቁት ዓለም ቦታ መረጡ፤ ለምሳሌ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ፤ የተሳሳተውም ተጫዋች እንደገና እንዲሞክር ዕድል ያገኛል። ጨዋታ የሠሪውን ዓለም እንደሚያንጸባርቅ፣ ሠሪዎቹ አንድ ወገን ብቻ ሲሆኑም የጨዋታው ዓለም እንደሚጠብ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላም አለ። አብዛኞቹ ልጆች ክፍልፋይን ከጨዋታው ጋር አላዋሐዱትም። ተጫዋቹ በመንገዱ ላይ በር ይዘጋበታል፤ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ሲመልስ በሩ ይከፈትለታል። ይህም ልጆቹ ትምህርት ማለት ምን እንደሆነ ከትምህርት ቤት የተቀበሉትን ግንዛቤ መልሰው የሣሉት ሥዕል ነው። ልጅ የሚሠራው ጨዋታ ለመምህሩ እንደ መስተዋት ያገለግላል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መርሳትና መመለስ

በ1990ዎቹ ኮምፒዩተር ይበልጥ ሲስፋፋ የሚገርም ነገር ሆነ፤ ልጆች ማሽኑን ማዘዝ ቀረ። ማሽኑ ሲበራ ባዶው ገጽ ጠፍቶ የተዘጋጁ ሥዕሎችና ፕሮግራሞች ይቀርባሉ። በየትምህርት ቤቱም ደብዳቤ መጻፍና ሠንጠረዥ መሙላት «የኮምፒዩተር ትምህርት» ተባለ። በእንግሊዝ አገር ይህ ጉድለት በይፋ እስኪታመን ድረስ ዓመታት አልፈዋል። በ1980ዎቹ ወጣት ጨዋታ ሠሪዎችን ባፈራችው በዚያች አገር፣ የሮያል ሶሳይቲ በጥር 2012 ባወጣው ሪፖርት የኮምፒዩተር ትምህርት አሰጣጡን በብርቱ ተቸ። ከመስከረም 2014 ጀምሮም ልጆች ከአምስት ዓመታቸው አንሥቶ ፕሮግራም መጻፍን እንዲማሩ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ ዋለ።

ይህ ከመሆኑ በፊት ግን የፓፐርት ተማሪዎችና ባልደረቦች ሥራውን ከትምህርት ቤት ውጭ ቀጥለውት ነበር። በ1993 በቦስተን የኮምፒዩተር ሙዚየም ውስጥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለወጣቶች የሚከፈት «ኮምፒዩተር ክለብሃውስ» የተባለ ቤት ተቋቋመ። በቤቱ ከታየው ልምድ በመነሣት በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራ ቡድን «ስክራች» የተባለውን ቋንቋ አዘጋጅቶ በ2007 ለሕዝብ አቀረበ። በስክራች ትእዛዝ አይተየብም፤ እንደ መገጣጠሚያ አሻንጉሊት ባለ ቀለም ብሎኮች እርስ በርስ ይጋጠማሉ። የማይስማሙት ትእዛዞች አይገጥሙም፤ ስለሆነም በአንዲት ነጠላ ሰረዝ የተነሣ የሚባክን ልጅ የለም። የተሠራውም ጨዋታ ለሌሎች ይቀርባል፤ ሌላው ልጅ ውስጡን ከፍቶ ማየትና የራሱን ማከል ይችላል። የ1962ቱ የ«ስፔስዎር» ልማድ በዚህ መልክ ወደ ሕፃናት ተመለሰ።

ሬዝኒክ የሚያወሳው አንድ ገጠመኝ የዚህን ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር ይገልጻል። በአንድ ክለብሃውስ ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ትልቅ ዓሣ ትንንሾቹን እየዋጠ የሚሄድበት ጨዋታ ይሠራ ነበር። የተዋጡትን ዓሦች ብዛት ለመቁጠር ፈለገ፤ እንዴት እንደሚቻል ግን አላወቀም። ሬዝኒክ «ተለዋዋጭ» የሚባለውን ነገር፣ ማለትም በውስጡ የያዘው ቁጥር ሊጨምርና ሊቀንስ የሚችለውን ስያሜ አሳየው። ልጁ ነጥቡ ሲጨምር ባየ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ጨብጦ ደጋግሞ አመሰገነው። ሬዝኒክም ተለዋዋጭን ስላስተማሩ ከተማሪዎቻቸው ምስጋና የተቀበሉ የአልጀብራ መምህራን ስንት ይሆኑ ይሆን ብሎ ራሱን ጠየቀ። ነገሩ ያው ተለዋዋጭ ነው፤ ልዩነቱ ልጁ አስቀድሞ የተራበው መሆኑ ነው።

ይህን ገጠመኝ በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል። በ2008 የታተመ ጥናት በሎስ አንጀለስ በሚገኝ ክለብሃውስ በ18 ወራት ውስጥ ወጣቶች ያለ መደበኛ አስተማሪ የሠሯቸውን 536 የስክራች ሥራዎች መርምሯል። ድግግሞሽንና ከተጫዋቹ ጋር የሚደረግን ምልልስ ልጆቹ በራሳቸው ደርሰውበታል። ተለዋዋጭ ግን በጥቂቶቹ ሥራዎች ውስጥ ብቻ ነው የተገኘው። ልጅ በራሱ ብዙ ርቀት ይጓዛል፤ የሚቀረውን ለመሻገር ግን በተራበበት ሰዓት ከአጠገቡ የሚገኝ፣ የሚያውቅ ሰው ያሻዋል።

ኤሊዋ በኢትዮጵያ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ከፓፐርት ሐሳብ በመነሣት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒዩተር ለማዳረስ በተወጠነው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አማካይነት ከ2008 ጀምሮ ጥቂት ሺህ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለዋል። ለነዚህ ኮምፒዩተሮች ከተዘጋጁት ፕሮግራሞች አንዱ ያችው የሎጎ ኤሊ ነበረች። ነገር ግን መምህሩ እየጻፈ ተማሪው በሚገለብጥበት ክፍል ውስጥ ማሽኑ ቦታውን ለማግኘት ተቸገረ፤ ለብዙ መምህራንም የተማሪውን ሐሳብ የሚበትን መጫወቻ መስሎ ታየ። የ1984ቱ የኒው ዮርክ ጥናት ያስተማረው ቁም ነገር በዚህም ተደገመ፤ መሣሪያው ከመምህሩ ዝግጅት ቀድሞ ሲደርስ ፍሬው ይዘገያል።

ዛሬ ስክራች በአማርኛ ጭምር ተተርጉሞ ይገኛል፤ ያለ ኢንተርኔትም ሊሠራ ይችላል። በአገር ውስጥም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የተሰኙ ጨዋታዎችን በስልክ አቅርቦ፣ የአገር ባህል የቪዲዮ ጨዋታ ይዘት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። የሚቀረው ሥራ በአንድ በኩል የመምህራን ነው፦ ለልጁ ጊዜ መስጠት፣ ስሕተቱን እንደ ሥራው ክፍል መቀበል፣ ጨዋታውን የሚሠራለት እውነተኛ ተጫዋች ማቅረብና በሚቸገርበት ሰዓት ከአጠገቡ መገኘት። በሌላ በኩል ግን የኪነ ጥበብ ሰዎች ነው። ተረቱን፣ ዜማውን፣ የጥልፉን ንድፍና የእንቆቅልሹን ስልት ለልጁ ካላቀበሉት፣ ልጁ የሚገለብጠው በገበያ ያየውን ብቻ ይሆናል።

በጠቅላላው ከሌክሲንግተን የሳሙና ቅርጽ እስከ ዛሬው ባለ ቀለም ብሎክ ድረስ የተጓዘው ታሪክ የሚያስገነዝበው የፈጠራ ችሎታና የቴክኒክ ሙያ በልጅ እጅ ውስጥ ተነጣጥለው የማያድጉ መሆናቸውን ነው። ሁለቱን የለያያቸው የትምህርት ቤቱ የሰዓት ደወል እንጂ የልጁ ተፈጥሮ አይደለም። መሬት ቆፍሮ ገበጣውን የሚያበጅ ልጅ ሒሳቡንም፣ ሕጉንም፣ ውበቱንም በአንድ ጊዜ ይሠራል። ለዚህ ልጅ ኮምፒዩተር በቀረበለት ጊዜ የሚታሰብበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም የሚቆፍረው መሬት አብሮ ቀርቦለታል ወይስ ተቆፍሮ ያለቀ ገበጣ ብቻ ተሰጥቶታል የሚለው ነው።